የ1 ሚሊዮን ፓውንዱ አጥቂ፦ ጀስቲን ፋሻኑን የገፋው ማን ነው?

የእንግሊዝን እግር ኳስ ለምትከታተሉ ቤተሰቦቻችን፣ ዛሬ ከድሮው ዘመን የአንድ አጥቂ ታሪክ ይዘን መጥተናል። አጀማመሩ ደስ ይላል፣ መጨረሻው ግን ልብ ይሰብራል።

ጀስቲን ፋሻኑ እ.አ.አ. በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1961 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ ናይጄሪያዊ ጠበቃ፣ እናቱ ደግሞ ከጉያና የመጣች ነርስ ነበረች። ወላጆቹ ሲለያዩ እሱና ታናሽ ወንድሙ ጆን ሕፃናት ማሳደጊያ ገቡ። ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው አልፍና ቤቲ ጃክሰን የሚባሉ ባልና ሚስት ሁለቱንም ወስደው ኖርፎክ ገጠር ውስጥ አሳደጓቸው። ጀስቲን በቦክስም ጎበዝ ነበር፤ በኋላ ግን ኳሱ አሸነፈ።

በ1979 ለኖርዊች ሲቲ መሰለፍ ጀመረ። በዓመቱ፣ በፌብሩዋሪ 1980፣ ኃያሉ ሊቨርፑል ወደ ኖርዊች መጣ። ጀስቲን ከሳጥን ውጪ ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ ኳስ ተቀበለ፤ በቀኝ እግሩ ብድግ አድርጎ ዞረና መሬት ሳትነካ በግራው መታት። ግብ ጠባቂው ሬይ ክሌመንስ ቢወረወርም አልደረሰባትም። ጨዋታውን ሊቨርፑል 5 ለ 3 ቢያሸንፍም የቢቢሲ የዓመቱ ምርጥ ጎል ግን የጀስቲን ሆነ። ያኔ ገና 18 ዓመቱ ነው!

በ1981 ኖቲንግሃም ፎረስት በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። በብሪታንያ ይህን ያህል የተከፈለበት የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። ፎረስት ያኔ እንደ ዛሬው አይደለም፤ በ1979 እና በ1980 የአውሮፓን ዋንጫ በተከታታይ ያነሳ ክለብ ነው።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ነው። ጀስቲን ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ወደሚያዘወትሩት የምሽት ክበብ ይሄዳል የሚል ወሬ አሰልጣኙ ብራያን ክላፍ ጆሮ ደረሰ። ክላፍ ፊት ለፊት አፋጠጠው፣ አዋረደው፤ ከቡድኑ ጋር ልምምድ እንዳይሠራም ከለከለው። አልሄድም ሲል ፖሊስ ተጠርቶ ከልምምድ ሜዳ እንዲወጣ ተደረገ። አስቡት፣ ክለቡ ራሱ በሚሊዮን ፓውንድ የገዛውን ተጫዋች!

በሊግ 32 ጨዋታ ተሰልፎ ያገባው 3 ጎል ብቻ ነው። በ1982 መጨረሻ ለጎረቤቱ ኖትስ ካውንቲ በ150 ሺህ ፓውንድ ተሸጠ። ዋጋው በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ እንዲህ አሽቆለቆለ።

በእነዚያ ዓመታት ጀስቲን ዳግም የተወለደ ክርስቲያን ሆኖ ነበር። እምነቱንና ማንነቱን አንድ ላይ ይዞ መኖር ከባድ ሆነበት። በዚያ ላይ ብራይተን እያለ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ።

በኦክቶበር 1990 ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑን በጋዜጣ ይፋ አደረገ። ገና እየተጫወተ ይህን በይፋ የተናገረ የመጀመሪያው ታዋቂ ፕሮፌሽናል ተጫዋች እሱ ነው። እሱም በወቅቱ ታዋቂ አጥቂ የነበረው ወንድሙ ጆን በአደባባይ ካደው። ቆይቶም፣ ዝም እንዲል ብዬ ገንዘብ ሰጥቼው ነበር ብሏል። የቡድን ጓደኞቹ ይቀልዱበታል፣ ከደጋፊው መቀመጫ ስድብ ይዘንባል። ጥቁር በመሆኑ የሚደርስበት ዘለፋም አልቀረለትም። እሱ ግን በቶርኪ ዩናይትድ፣ ቀጥሎም በስኮትላንድና በስዊድን ክለቦች መጫወቱን ቀጠለ።

በ1998 አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሳለ አንድ የ17 ዓመት ወጣት በወሲባዊ ጥቃት ከሰሰው። ፖሊስ ከጠየቀው በኋላ ወደ እንግሊዝ ሄደ። በሜይ 1998 ለንደን ውስጥ ራሱን አጥፍቶ ተገኘ፤ 37 ዓመቱ ነበር። በተወው ማስታወሻ ላይ ክሱን ክዷል፤ በማንነቱ ምክንያት ፍትሕ አገኛለሁ ብሎ እንደማያምንም ጽፏል። ክሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ አልተጣራም፤ ስለዚህ እኛም በዚህ ጉዳይ ፍርድ አንሰጥም።

ከሞተ በኋላስ? የጆን ልጅ አማል ፋሻኑ በ2012 በቢቢሲ ዘጋቢ ፊልም የአጎቷን ታሪክ ወደ አደባባይ መለሰችው። በ2020፣ በልደቱ ቀን፣ ስሙ በእንግሊዝ ብሔራዊ የእግር ኳስ ሙዚየም የክብር መዝገብ ሰፈረ። በብሪታንያ እየተጫወተ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑን የተናገረ ቀጣዩ ወንድ ፕሮፌሽናል የብላክፑሉ ጄክ ዳኒኤልስ ነው፤ እሱም በ2022። ስንት ዓመት መሰላችሁ? 32! በዚህ ሁሉ ጊዜ ሌላ አልነበረም ማለት ይከብዳል። የጀስቲንን ዕጣ አይቶ ማን ይናገራል?

ልብ በሉ፣ እንግሊዝ ውስጥ ሕጉ ከ1967 ጀምሮ ተለውጦ ነበር። ጀስቲንን የገፋው ሕግ አልነበረም። የአሰልጣኙ ንቀት፣ የመልበሻ ክፍሉ ቀልድ፣ የደጋፊው ስድብ፣ የወንድም ክህደት ተደማምሮ ነው። እያንዳንዱ ለየብቻው ትንሽ ይመስላል፤ ሁሉንም የተሸከመው ግን አንድ ሰው ነው። እኛም ኳስ ስናይ፣ ከጨዋታ በኋላም ኮሜንት ስንጽፍ፣ ስድባችን የሚያርፈው ሰው ላይ መሆኑን አንርሳ።

ይህን ስታነቡ የከበዳችሁ ነገር ካለ ብቻችሁን አትሸከሙት፤ ለምታምኑት ሰው ንገሩ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? አንድ ተጫዋች ከሜዳ ውጪ ባለው ማንነቱ ሊመዘን ይገባል? ሐሳባችሁን በጨዋነት አጋሩን።