ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ፦ ከፕላኑ የተረፈው ዘዴ

በአዲስ አበባ የፕላን ታሪክ ውስጥ የእንግሊዛዊው አርክቴክትና የከተማ ፕላን ሊቅ የሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ስም ዘወትር ይጠቀሳል። ሥራቸው ግን ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው ያዘጋጁት ፕላን ምን ያህል ተፈጸመ በሚል መለኪያ ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ የሕይወት ጉዟቸውን በመከተል፣ ዘላቂው አስተዋጽኦ ከንድፉ ይልቅ ንድፉ የተወለደበት ዘዴ መሆኑን ያሳያል።

አበርክሮምቢ እ.ኤ.አ. በ1879 በእንግሊዝ ቼሻየር አውራጃ ተወለዱ። በማንቸስተር ከአርክቴክት ሥር ሆነው ሙያውን ተለማመዱ፤ ከ1915 እስከ 1935 በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በፕሮፌሰርነት አስተማሩ። ከስኮትላንዳዊው ፓትሪክ ጌዴስ የወረሱት ዋና መርሕ ጥናት ከፕላን ይቀድማል የሚለው ነው። መንገድ ከመሰመሩ በፊት የመሬቱ አቀማመጥ፣ የነዋሪው አኗኗርና መተዳደሪያ መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1926 የእንግሊዝን ገጠር ከከተሞች መስፋፋት የሚጠብቅ ማኅበር እንዲመሠረት ግንባር ቀደም የሆኑትም ከዚሁ እምነት በመነሣት ነበር።

ዝናቸው የገነነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ባዘጋጁት የታላቋ ለንደን ፕላን ከተማዋን በአረንጓዴ ቀበቶ ከበው፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ከተጨናነቀው መሐል ወደ ውጭ እንዲዛወርና አዳዲስ ከተሞች እንዲቆረቆሩ ሐሳብ አቀረቡ። የ1946ቱ የአዳዲስ ከተሞች ሕግ ለዚህ ሐሳብ የመንግሥትን ሥልጣን ሰጠው።

በሕይወታቸው ማምሻ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ጥያቄ የአዲስ አበባን መሪ ፕላን አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1956 አጠናቀቁ። ከመሐል የሚፈልቁና ዙሪያውን የሚያገናኙ መንገዶችን፣ የየራሳቸው አገልግሎት ያላቸው የመኖሪያ ክፍሎችንና በዙሪያዋ የሚቆሙ አነስተኛ ከተሞችን አካተቱ። በሚቀጥለው ዓመት በሞት ተለዩ፤ አፈጻጸሙን ለመከታተል አልታደሉም።

ፕላኑ ለምን በከፊል ብቻ ተፈጸመ? አንዱ ምክንያት የመሬት ይዞታ ነው። በእንግሊዝ አዲስ ከተማ የሚቆረቁር አካል መሬት በግዴታ የመግዛት ሕጋዊ ሥልጣን ነበረው። በአዲስ አበባ ግን ሰፊው መሬት በጥቂት ባለርስቶች እጅ ነበር፤ ይህ ይዞታ የተለወጠው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሲሆን ነው። ሁለተኛው የከተማዋ አሰፋፈር ነው። ሰፈሮቿ በመኳንንት ግቢ ዙሪያ የተሰባሰቡ፣ ሀብታምና ድኻ ተጎራብተው የሚኖሩባቸው ስለነበሩ ለተመጠነ የመኖሪያ ክፍል በቀላሉ አይመቹም። እንግዲህ ንድፉን የገታው ያው ዘዴው አስቀድሞ ይጠና የሚለው የማኅበረሰብ እውነታ ነው።

ይህ ትምህርት ለትናንሽ ከተሞች የበለጠ ይጠቅማል። በደቡብ ኦሞ የሐመር ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ዲመካ የምትታወቀው በቅዳሜ ገበያዋ ነው፤ ፍየል፣ ማርና ቅቤ ይዞ የሚመጣው አርብቶ አደር የከተማዋ ነዋሪ ባይሆንም የሕልውናዋ መሠረት ነው። ለእንዲህ ያለች ከተማ የለንደንን ቀለበት መቅዳት ፋይዳ የለውም። የከብት መተላለፊያው፣ የውኃ ነጥቡና የግጦሽ ወሰኑ ከመንገዱ መስመር አስቀድሞ ከተጠና ግን የአበርክሮምቢ ሥራ ተገቢውን ዋጋ ያገኛል።