አሌክሳንደር ፍሌሚንግ

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ (ኦገስት 6 ቀን 1881 – ማርች 11 ቀን 1955 እ.ኤ.አ.) ፔኒሲሊንን ያገኘ የስኮትላንድ ተወላጅ ሐኪምና የባክቴሪያ ተመራማሪ ነበር። መድኃኒቱ ያለ አግባብ ከተወሰደ ጀርሞች እንደሚላመዱት ቀድመው ካስጠነቀቁ ሰዎችም አንዱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወቱ

ፍሌሚንግ በኤርሻየር፣ በዳርቨል ከተማ አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ የሞተው እርሱ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ነበር። በልጅነቱ ወደ ለንደን ሄዶ ከተማረ በኋላ በአንድ የመርከብ ድርጅት ለአራት ዓመት በጸሐፊነት ሠራ። ከአጎቱ የደረሰው ውርስ ሕክምና እንዲማር አስቻለው፤ በ1901 ወደ ሴንት ሜሪ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1906 በዚያው በአልምሮት ራይት ሥር ምርምር ጀመረ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ነበር። በጊዜው ቁስል የሚታጠብበት ፀረ ጀርም ኬሚካል፣ ቁስሉ ጥልቅ ሲሆን ከባክቴሪያው ይልቅ ነጭ የደም ሕዋሳትን እንደሚጎዳ አሳየ። በ1921 በእንባና በአፍንጫ ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘውን ላይሶዛይም አገኘ፤ ይህ ግን በአደገኛ ጀርሞች ላይ ኃይሉ ደካማ ነበር።

ፔኒሲሊን

በሴፕቴምበር 1928 ከእረፍት ሲመለስ ስታፊሎኮከስ ካሳደገባቸው ሰሃኖች አንዱ ሻግቶ አገኘው። በሻጋታው ዙሪያ የነበሩት ባክቴሪያዎች ሟሙተዋል። ሻጋታው የፔኒሲሊየም ወገን በመሆኑ የሚያመነጨውን ነገር ፔኒሲሊን ብሎ ሰየመው፤ ውጤቱንም በ1929 አሳተመ። አጣርቶ ማውጣቱ ግን አልተሳካለትም።

መድኃኒቱን ለሰው ያበቁት ከ1939 ጀምሮ በኦክስፎርድ የሠሩት ሃዋርድ ፍሎሪ፣ ኧርነስት ቼይን፣ ኖርማን ሂትሊና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ሁሉንም ፍሌሚንግ ብቻውን እንደ ሠራው አድርጎ ማውራት የተለመደ ስህተት ነው። በ1941 ቁስሉ አመርቅዞ ለሞት የተቃረበ አንድ ፖሊስ ፔኒሲሊን ተሰጥቶት በጥቂት ቀናት አገገመ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ እጅግ ጥቂት ስለ ነበር ከሽንቱ ሳይቀር እየተጣራ ቢሰጠውም አለቀ፤ ሕመሙ አገርሽቶበት ሞተ።

ማስጠንቀቂያው

በ1945 ፍሌሚንግ ከፍሎሪና ከቼይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በዲሴምበር ባደረገው የሽልማት ንግግር ፔኒሲሊን መርዝ ባለመሆኑ ከመጠን በላይ መውሰዱ ብዙ እንደማያሰጋ፣ የሚያሰጋው ከመጠን በታች መውሰዱ እንደሆነ አስረዳ። ባክቴሪያን ሊገድል በማይችል አነስተኛ መጠን ማለማመድ በቤተ ሙከራ ከባድ አልነበረም፤ በሰው አካል ውስጥም ይኸው እንደሚሆን ተናገረ።

ምሳሌም ሰጠ። መድኃኒቱ በየሱቁ በሚሸጥበት ዘመን አንድ ሰው ጉሮሮውን ያመውና ፔኒሲሊን ገዝቶ ጥቂት ይወስዳል። ጀርሞቹ ሳይሞቱ ይላመዱታል፤ ወደ ሚስቱም ይተላለፋሉ። ሚስቱ የሳንባ ምች ሲይዛት ፔኒሲሊን አያድናትም። ጥፋቱ የባል፣ ሞቱ የሚስት መሆኑ የምሳሌው ዋና ነጥብ ነው።

ስጋቱ መሠረት ነበረው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ኢንዛይም እንደሚሠሩ ቼይንና ኤድዋርድ ኤብራሃም በ1940 አሳውቀዋል። በ1940ዎቹ መጨረሻ መድኃኒቱን የተላመደ ስታፊሎኮከስ በለንደን ሆስፒታሎች በብዛት ታየ።

ዛሬ የፍሌሚንግ ማብራሪያ በሁለት ነገር ይታረማል። አንደኛ፣ ፔኒሲሊን በአንዳንድ ሰዎች ላይ ነፍስ የሚያሰጋ አለርጂ ያስነሣል፤ ከዚህ በፊት ሽፍታ፣ የፊት እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ያስከተለበት ሰው እንደ አሞክሲሲሊን ያሉትን የቅርብ ዘመዶቹን ከመውሰዱ በፊት ለሐኪሙ መናገር አለበት። ሁለተኛ፣ መላመድን የሚያመጣው ማነሱ ብቻ አይደለም፤ ያለ አስፈላጊነት መውሰዱም ያመጣዋል። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ስለሆነ አሞክሲሲሊን አይፈውሰውም። መጠኑንና የቀኑን ብዛት የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ከሌላ ሰው የተረፈ እንክብል ይህን አያሟላም።

ፍሌሚንግ በለንደን በልብ ድካም ሞተ፤ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀበረ።