ከጥጥ ማሳ እስከ አትላንቲክ ሲቲ፦ ፋኒ ሉ ሄመር ወደ ፖለቲካ እንዴት ገባች?

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ስለ ፖለቲካ ተሳትፎ ስንማር በክፍል ውስጥ የተነሣ ክርክር ነው። እንደተማርነው ከሆነ በፖለቲካ የሚሳተፈው ባብዛኛው ጊዜ፣ ገንዘብና ትምህርት ያለው ሰው ነው። ሐሳቡ በጥናት የተደገፈ ስለሆነ አልክደውም። ግን ሦስቱም የሌለው ሰው፣ ልጆቹን ለማብላት ከንጋት እስከ ምሽት የሚለፋ ሰው፣ ምን ሲሆን ነው ተነሥቶ አደባባይ የሚወጣው? አብዛኞቻችን ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ እየተባልን ያደግን ልጆች ስለሆንን ጥያቄው ለእኔ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም። ስለዚህ መልሱን ከአንድ ሰው ሕይወት ልፈልግ ብዬ ፋኒ ሉ ሄመርን መረጥኩ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፋኒ ሉ የተወለደችው በ1917 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት ነው። ወላጆቿ ካፈሯቸው 20 ልጆች የመጨረሻዋ ነበረች። ቤተሰቡ እኩል አራሽ ነበር። ከ1975ቱ የመሬት አዋጅ በፊት የነበረውን የእኛን አገር ጭሰኛ ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። መሬቱ የባለርስቱ፣ ጉልበቱ የገበሬው፣ ምርቱ እኩል ይካፈላል ይባላል። ነገር ግን ዘሩም ቀለቡም በዱቤ ከባለርስቱ ስለሚመጣ ሒሳብ ሲተሳሰብ ለአራሹ የሚተርፈው ዕዳ ነው። ፋኒ ሉ 6 ዓመት ሲሆናት ባለርስቱ በሳምንት 30 ፓውንድ (ወደ 14 ኪሎ) ጥጥ ከለቀመች ከሱቁ የሚበላ ነገር እንደሚሰጣት ነገራት። ለቀመች፣ በላች። በሚቀጥለው ሳምንት እጥፉን ተጠየቀች። በዚያው ቀረች እንግዲህ! በ13 ዓመቷ በቀን ከ90 ኪሎ በላይ ትለቅም ነበር። ትምህርቷም ከ6ኛ ክፍል አላለፈም። አባቷ አንድ ጊዜ እንደምንም አጠራቅሞ በቅሎዎችና ላም ገዝቶ ራሱን ሊችል ሲል፣ አንድ ነጭ መኖው ውስጥ መርዝ ጨምሮ ከብቶቹን ፈጃቸው። ቤተሰቡ ከዚያ በኋላ አላገገመም።

በ1940ዎቹ አጋማሽ ፔሪ ሄመርን አግብታ ሩልቪል በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ በሚገኝ የጥጥ እርሻ ላይ መኖር ጀመረች። ማንበብና መጻፍ ስለምትችል ባለርስቱ የሠራተኞቹን ሰዓትና የለቀሙትን ጥጥ እንድትመዘግብ አደረጋት። እዚህ ላይ ልብ ያልኩት አንድ ነገር አለ። ባለርስቱ በሚዛን ያጭበረብር ስለነበር፣ እሷ እሱ ዞር ባለ ቁጥር ትክክለኛውን ክብደት እያስቀመጠች ለሠራተኞቹ ትመዝንላቸው ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ስለ ፖለቲካ የነገራት ሰው የለም። በመጠይቅ የሚመጣ አጥኚ በፖለቲካ ትሳተፊያለሽ ወይ ብሎ ቢጠይቃት ኖሮ አልሳተፍም ብላ የምትመልስ ይመስለኛል፤ ያም መልስ በሠንጠረዥ ውስጥ ይገባ ነበር።

በ1961 ዕጢ ለማስወጣት ሆስፒታል ገባች። ሐኪሙ ሳያስፈቅዳት ማኅፀኗን አወጣው። በዚያ ዘመን በሚሲሲፒ ጥቁር ሴቶች ላይ ይህ ደጋግሞ ይደረግ ነበር። ክስ ለመመሥረት የምትሄድበት ቦታ ስላልነበራት ዝም ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እንግዲህ በደል ብቻውን ሰውን አክቲቪስት የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ፋኒ ሉ ገና ድሮ አደባባይ በወጣች ነበር።

ለውጡ የመጣው በነሐሴ 1962 ነው፤ ዕድሜዋም 44 ደርሶ ነበር። ስኒክ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የተማሪዎች ድርጅት አባላት ሩልቪል ገብተው እሷ በምታውቀው ቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ጠሩ። አብዛኞቹ የእኛ ዕድሜ ልጆች ነበሩ። ጥቁሮች በመራጭነት የመመዝገብ መብት እንዳላቸው ፋኒ ሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ያን ዕለት ነው። ይህን ሳነብ ለደቂቃ መጽሐፉን አስቀመጥኩት። 44 ዓመት ሙሉ የነገራት የለም ማለት ነው! እንዳይነገር ይደረግ ስለነበር እኮ ነው፦ በ1964 እንኳ በግዛቱ ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰ ጥቁሮች የተመዘገቡት 7 ከመቶ አይሞሉም ነበር። ማን ሊመዘገብ ይሄዳል ተብሎ ሲጠየቅ እጇን አወጣች።

ነሐሴ 31 ቀን 18 ሆነው የጥጥ ሠራተኛ በሚያመላልስ አሮጌ አውቶቡስ ወደ ኢንዲያኖላ ፍርድ ቤት ሄዱ። መዝጋቢው ሹም የግዛቱን ሕገ መንግሥት አንድ አንቀጽ አውጥቶ ገልብጪ፣ ከዚያም ተርጉሚ አላት። አንቀጹ ስለ ዲ ፋክቶ ሕጎች የሚያወራ ነበር። እኛ ዲ ፋክቶን ለመረዳት ስንት ሃንድአውት እንዳነበብን ይታወቃል፤ እሷማ ቃሉን ሰምታውም አታውቅም። ወደቀች። ሲመለሱ ፖሊስ አስቆማቸውና አውቶቡሱ የተማሪዎች ሰርቪስ እስኪመስል ድረስ ቢጫ ሆኗል በሚል ሹፌሩ ላይ የ100 ዶላር ቅጣት ተጣለ። በኋላ ወደ 30 ወረደና ተሳፋሪዎቹ አዋጥተው ከፈሉ። ሁሉም ፈርቶ በተቀመጠበት ሰዓት ከመካከላቸው አንዲት ሴት የቤተ ክርስቲያን መዝሙር መዘመር ጀመረች። ፋኒ ሉ ነበረች። የስኒክ ልጆች ይህችን ሴት ልብ አሏት።

ማታ ቤቷ ስትደርስ ባለርስቱ ወሬው ቀድሞት ሰምቶ ጠበቃት። ማመልከቻዋን ካልሳበች እርሻውን ለቃ እንድትሄድ ነገራት። የተመዘገበችው ለራሷ እንጂ ለእሱ እንዳልሆነ መለሰችለት። 18 ዓመት የሠራችበትን ቦታ በዚያው ሌሊት ለቀቀች፤ ባሏ ግን ጥጡ ተለቅሞ እስኪያልቅ እንዲቆይ ተገደደ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ተጠግታበት በነበረው ቤት ላይ 16 ጥይት ተተኮሰ። እሷ ግን አልተነካችም።

በእኔ አስተያየት የታሪኩ መገጣጠሚያ እዚህ ላይ ነው። ባለርስቱ ዝም ቢላት ኖሮ ምናልባት በፈተና የወደቀች አንዲት ገበሬ ሆና ወደ ጥጧ ትመለስ ነበር። እሱ ግን ሥራዋን፣ ቤቷንና የምትፈራለትን ነገር ሁሉ በአንድ ሌሊት ወሰደባት። የመጀመሪያው እርምጃ ትንሽ ነበር፦ በምታውቀው ቤት የተጠራ ስብሰባ፣ የሚጠይቅ ሰው፣ የወጣ እጅ። መመለሻውን መንገድ የዘጋው ቅጣቱ ነው። የያዘችው ሀብትም በመማሪያ መጽሐፋችን የማይቆጠር ነበር፤ 6ኛ ክፍል ላይ የቆመ ንባብ፣ ድምፅና የሠራተኛው እምነት።

ከዚያ በኋላ የስኒክ የመስክ ሠራተኛ ሆነች። በጥር 1963 ፈተናውን ማለፏን አወቀች፤ ሆኖም ልትመርጥ ስትሄድ የሁለት ዓመት የምርጫ ግብር ደረሰኝ አምጪ ተባለች። በዚያው ዓመት ሰኔ ከሥልጠና ስትመለስ ዊኖና ላይ ታሠረች። ፖሊሶች ሁለት ጥቁር እስረኞችን አስገድደው አስደበደቧት። ኩላሊቷና ዓይኗ ተጎድተው እስክትሞት አልዳኑም። ፖሊሶቹ ፍርድ ቤት ቀርበው በነፃ ተሰናበቱ።

ነሐሴ 22 ቀን 1964 ይህችው ሴት በአትላንቲክ ሲቲ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ ኮሚቴ ፊት ቀረበች። ከሚሲሲፒ የመጣው የነጮች ብቻ ልዑክ ሕዝቡን ስለማይወክል ወንበሩ እሷና ጓዶቿ ላቋቋሙት የነፃነት ዴሞክራቲክ ፓርቲ ይገባል ብላ የደረሰባትን ተናገረች። ፕሬዝዳንት ጆንሰን ካሜራው ከእሷ ላይ እንዲነሣ ድንገተኛ መግለጫ ጠሩ። ምን ዋጋ አለው፣ ጣቢያዎቹ ንግግሯን ማታ አስተላለፉትና አገር አየው። ለማስታረቂያ ሁለት ወንበር ቀረበ፤ የሚቀመጡባቸውን ሰዎችም የፓርቲው አለቆች ራሳቸው መርጠው ነበር። እሷ አልተመረጠችም። ስም ያላቸው የመብት መሪዎች ተቀበሉ ብለው ቢመክሩም የሚሲሲፒ ገበሬዎች እምቢ አሉ። በፖለቲካ ስሌት ማን ትክክል እንደነበረ ዛሬም ያከራክራል። እኔ ግን ለወንበሩ ቤቱን ያጣው ማን እንደሆነ ስለማውቅ ከገበሬዎቹ ጋር ነኝ።

የመራጮች መብት ሕግ በ1965 ጸደቀ፤ በ1967 የሚሲሲፒ ጥቁር መራጮች ምዝገባ ወደ 60 ከመቶ ተጠጋ። በ1968 በቺካጎ ጉባኤ ፋኒ ሉ ሕጋዊ ተወካይ ሆና ተቀመጠች። ሆኖም ለመምረጥ የተመዘገበ ሁሉ ከእርሻ እየተባረረ ይራብ ስለነበር፣ በ1969 መሬት ገዝታ የነፃነት እርሻ ኅብረት ሥራ ማኅበርን መሠረተች። ለየቤተሰቡ አንዲት እርጉዝ አሳማ ትሰጣለች፤ ስትወልድ ሁለት ግልገሎች ለሌላ ቤተሰብ ይመለሳሉ። (አሳማ መሆኑ ለእኛ ቅር ቢልም አሠራሩን በበግ ማሰብ ይቻላል።)

እርሻው በገንዘብ እጥረት በ1970ዎቹ አጋማሽ ተዘጋ። ፋኒ ሉ መጋቢት 14 ቀን 1977 በ59 ዓመቷ በካንሰር ሞተች። የቀብሯ ሥነ ሥርዓት የተፈጸመው በሩልቪል ነው፤ የተቀበረችውም ለማኅበሩ በገዛችው መሬት ላይ ነው። በጥር 2025 የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ከፍተኛውን የሲቪል ሜዳልያ በስሟ ሰጡ። አብረዋት በአውቶቡሱ የሄዱትን የ17ቱን ሰዎች ታሪክ ደግሞ ከእኛ መካከል አንዱ ቢጽፈው ደስ ይለኛል።