ማይክል ፋራዴይ፦ የቀጥቃጩ ልጅ

ብረት ቀጥቃጭ ማረሻችንን ሠርቶ ሲሰጠን እኛ በሲዳማም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ስንንቀው ኖረናል። ቡዳ ያልነውም እኛው ነን። በዛሬው ዓምዳችን የአንድ ቀጥቃጭ ልጅ ሕይወት ይዘን ቀርበናል። ዘመናቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማይክል ፋራዴይ በ1791 ለንደን አጠገብ ተወለደ። ቤተሰቡ ድኻ ስለ ነበረ ከንባብ፣ ከጽሕፈትና ከሒሳብ የዘለለ ትምህርት አላገኘም። በ14 ዓመቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሥራ ሊለምድ ገባ። የሚጠርዘውን መጽሐፍ በትርፍ ጊዜው ያነብ ነበር። በ1813 የኬሚስቱ የሃምፍሪ ዴቪ ረዳት ሆነ። በ1831 ማግኔት በሽቦ ጥቅልል ውስጥ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አሳየ። የቆቃ ጀኔሬተሮችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ይህን ሥራውን ብዙዎቻችን ተምረናል። ስለ በረዶ ያለውን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ሁለት የሚቀልጡ የበረዶ ቁራጮች ሲነካኩ ይጣበቃሉ። ለምን? ፋራዴይ በ1850 ሲያስረዳ፣ በበረዶ ገጽ ላይ ስስ የውሃ ቆዳ አለ፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ያ ቆዳ ከመሀል ይያዝና ይረጋል አለ። የቶምሰን ወንድማማቾች ግን ምክንያቱ ግፊት ነው ብለው ተከራከሩት። ፋራዴይ ሙከራውን ደጋገመ፤ ሆኖም ክርክሩ ሳይቋጭ በ1867 ሞተ። ከዜሮ ዲግሪ በታችም ቢሆን በበረዶ ገጽ ላይ ውሃ መሰል ስስ ሽፋን መኖሩ በመሣሪያ የተረጋገጠው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገጽ ላይ ያለ ሞለኪዩል በአንድ ወገኑ የሚይዘው ጎረቤት ስለሌለው ቶሎ ይላወሳል። ቁስ ሲቀጥን ደግሞ አብዛኛው አካሉ ገጽ ይሆናል። ወርቅ በ1064 ዲግሪ ይቀልጣል፤ የሚሊሜትር ጥቂት ሚሊዮንኛ የምታክል የወርቅ ቅንጣት ግን በብዙ መቶ ዲግሪ ዝቅ ብሎ ትቀልጣለች። በአንጻሩ አንዳንድ ቅንጣት በሚስማማው ሌላ ጠጣር ዙሪያውን ሲታቀፍ፣ ከተለመደው መቅለጫው አልፎም ሳይቀልጥ ይቆያል። ጎረቤት ይወስናል ማለት ነው።

ፋራዴይ በገና ሰሞን ለወጣቶች በሚሰጠው ትምህርት 19 ጊዜ አስተምሯል። የሰር ማዕረግ ሲቀርብለትም አልፈለገም።

እኛ ነገ ክፍል ስንገባ የቀጥቃጭ፣ የሸክላ ሠሪ፣ የፋቂ ልጅ እናገኛለን። ከኋላ ወንበር ብቻውን ተቀምጦ ይሆናል። ወደ ፊት እንጥራው፤ ሁለቱን የበረዶ ቁራጮች እሱ ያጋጥማቸው። ከጎኑም ሌላ ልጅ እናስቀምጥ።