ባሕረኛው ካሩሜና የደሴቲቱ ድምፅ

ረመዳን ሆዳችንን ከምግብ ብቻ ሳይሆን ምላሳችንን ከሐሜት፣ ልባችንንም ከቂም የምናስጾምበት ወር ነው። ስለዚህ ዛሬ የዛንዚባሩን መሪ የሼኽ ዓቢድ አማኒ ካሩሜን ሕይወት እናነሳለን። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙስሊም በሆነበት፣ ፊቱንም ወደ አንድ ቂብላ አዙሮ በሚሰግድበት ደሴት የምርጫ ፉክክር ወንድማማቾችን ወዴት እንደወሰዳቸው ከዚህ ሕይወት እናያለን። ዓመቶቹን የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ካሩሜ በ1905 እንደተወለዱ ይነገራል። ብዙ ትምህርት አላገኙም። በወጣትነታቸው በመርከብ ተቀጥረው ባሕር አቋርጠዋል፤ ብዙ አገርም አይተዋል። ሲመለሱ መንገደኞችን ከመርከብ ወደ ወደብ የሚያመላልሱ የጀልባ ሠራተኞችን አሰባስበው መሩ። ከዚያ በአፍሪካውያን ማኅበር ውስጥ ከፍ አሉ። በ1957 መጀመሪያ ይህ ማኅበር ከሺራዚዎች ማኅበር ጋር ሲዋሐድ የኅብረቱ መሪ ሆኑ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ የእንግሊዝ አስተዳደር በዛንዚባርና በፔምባ ደሴቶች የመጀመሪያውን ምርጫ አደረገ። ለውድድር የቀረቡት ስድስት ወንበሮች ብቻ ሲሆኑ ሴቶች ገና ድምፅ አይሰጡም ነበር። ከሁሉም ይበልጥ የታየው ፉክክር የንጋምቦው ነው። ንጋምቦ ማለት ማዶ ማለት ነው፤ ከአሮጌው የድንጋይ ከተማ ማዶ ድሆች የሚኖሩበት ሰፈር ነበር። በአንድ ወገን ባሕረኛው ካሩሜ፣ በሌላው ወገን በማኬሬሬ የተማሩት የብሔርተኛው ፓርቲ መሪ ሼኽ ዓሊ ሙሕሲን አል-በርዋኒ ቀረቡ። ዓሊ ሙሕሲን ያን ሰፈር የመረጡት ፓርቲያቸው የዐረቦች ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ነበር። ካሩሜ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ በሆነ ድምፅ አሸነፏቸው። ፓርቲያቸውም አንድም ወንበር ሳያገኝ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነው የሚያሳዝነው። ሰው የሚገዛበትን ሱቅ በፓርቲ መረጠ። በቅርንፉድና በኮኮናት እርሻ ላይ ተጠግተው ይኖሩ የነበሩ ድሆች ባለመሬቱን ባለመደገፋቸው ተነሱ። ጎረቤት ከጎረቤት ቡና መጠጣት ተወ፤ የሰርግና የቀብር ሐዘን ሳይቀር በወገን ተከፈለ።

ጥር 1961 እንደገና ምርጫ ሆነ፤ ሴቶችም ድምፅ ሰጡ። በፔምባ ደሴት በቻኬ ቻኬ የካሩሜ ፓርቲ ዕጩ በአንድ ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። የምክር ቤቱ ወንበር በሁለቱ ወገኖች መካከል 11 ለ11 ሆኖ መንግሥት ማቆም አልተቻለም። በሰኔ ሲደገም በምርጫው ቀን የተነሳው ግጭት 68 ሰዎችን ገደለ። በሐምሌ 1963 ደግሞ የካሩሜ ፓርቲ ከግማሽ በላይ፣ 54 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ ከ31 ወንበር 13 ብቻ ደረሰው። ተቀናቃኞቹ በጥምረት 18 ይዘው መንግሥት መሠረቱ። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል፤ ብዙው ሕዝብ ግን ተበደልኩ አለ።

ነፃነት በታኅሣሥ 1963 መጣ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ጥር 12 ቀን 1964፣ አብዮት ፈነዳ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ ዐረቦች ነበሩ። ካሩሜ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በሚያዝያ ደሴቶቹ ከታንጋኒካ ጋር ተዋሕደው የዛሬዋ ታንዛኒያ ስትመሠረት የመጀመሪያ ምክትል ፕሬዚዳንትነቱን ያዙ። ለድሃው መሬት አከፋፈሉ፤ ትምህርትና ሕክምና በነፃ እንዲሆን አደረጉ፤ በንጋምቦም ትልልቅ የመኖሪያ ሕንፃዎች አሠሩ። ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን በድምፅ የተነሱት ሰው የደሴቲቱ መሪዎች የሚመረጡበትን ምርጫ በዘመናቸው አላደረጉም። ተቃዋሚ ታሰረ፣ ጠፋ፣ ተሰደደ። ሚያዝያ 7 ቀን 1972 በፓርቲያቸው ጽሕፈት ቤት ተቀምጠው ሳለ በጥይት ተገደሉ።

በንጋምቦ የተሸነፉት ዓሊ ሙሕሲንስ? ከአብዮቱ በኋላ ለዓመታት ታሰሩ፤ ከዚያም በስደት ኖሩ። ቁርኣንን ወደ ስዋሒሊ ተርጉመው ለወገኖቻቸው አበረከቱ። ዛሬ ያን ትርጉም የሚያነበው ሰው አባቱ ለማን ድምፅ እንደሰጠ ማንም አይጠይቀውም።

ዲናችን አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስ፣ በሰዎች መካከል ስንፈርድም በፍትሕ እንድንፈርድ ያዘናል። ድምፅ አማና ነው፤ በድምፅ የተገኘ ሥልጣንም አማና ነው። የተሸነፈ ጎረቤት ደግሞ ያው ጎረቤት ነው፤ ሐቁ አይወድቅም። እንግዲህ ዛሬ ማታ ለኢፍጣር ስንቀመጥ በአመለካከት የተለየንን፣ ደጁን ከረገጥን የቆየነውን ዘመድ ወይም ጎረቤት እናስበው፤ ተምርም ሆነ ሾርባ እንላክለት። ልጆቻችንም ሲያደርሱ ይዩ።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ልባችንን ያስማማልን። አሚን።