ነጃሺ፦ በራሱ ላይ የፈረደው ዳኛ

ውድ አንባቢያን! የነጃሺ ስም ሲነሣ ሁላችሁም የምታስታውሱት ስደተኞቹን ሶሐቦች ያስጠጋውን የሐበሻ ንጉሥ ነው። እዚህ ላይ ልናወሳላችሁ የፈለግነው ግን ዳኛውን ነጃሺን ነው። ለወንበሩ እንዴት እንደበቃና ከተቀመጠበትም በኋላ እንዴት እንደፈረደ ያስተዋለ ሰው፣ ዳኛን ሲመርጥ አይሳሳትምና።

ኢብኑ ኢስሓቅ በሲራው እንደዘገበው ነጃሺ ለአባቱ አንድ ልጅ ነበር። መኳንንቱ ግን ዐሥራ ሁለት ወንዶች ልጆች የነበሩትን አጎቱን መርጠው አባቱን ገደሉ። ልጁ በአጎቱ ቤት አድጎ በብልኅነቱ ሲወደድ፣ ነግሦ የአባቱን ደም ይበቀለናል ብለው ፈሩ። ስለዚህ አጎቱን አስጨንቀው ለአንድ ነጋዴ በ600 ዲርሃም ሸጡት። በዚያው ምሽት አጎቱን መብረቅ ገደለው፤ ከልጆቹም መካከል ለመንግሥት የሚበቃ ታጣ። መኳንንቱም ነጋዴውን ተከታትለው ደረሱበት፤ የሸጡትን ልጅ ከእጁ ነጥቀው ዘውድ ጫኑለት።

ነጋዴው ገንዘቡንም ልጁንም አጥቶ ነበርና አቤት ለማለት ከዙፋኑ ፊት ቀረበ። እንግዲህ ልብ በሉ! ክርክር የተነሣበት ባሪያ ዳኛው ራሱ ነው፤ ተከሳሾቹም ያነገሡት ሰዎች ናቸው። ነጃሺ ግን ወይ የነጋዴው ገንዘብ እንዲመለስለት፣ አለዚያም ባሪያው እጁን ሰጥቶት አብሮት እንዲሄድ ፈረደ። ገንዘቡም ተከፈለ። ፍትሕ ዐዋቂነቱ መጀመሪያ የታወቀው በዚህ ፍርድ ነው ይባላል።

በ615 እ.ኤ.አ. የሶሐቦች ስደት ተጀመረ። ቁረይሾችም ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ላኩ። እነዚህም ስደተኞቹ ሳይጠየቁ እንዲሰጧቸው አስበው ለየሹማምንቱ አስቀድመው የቆዳ ስጦታ አደሉ። ሹማምንቱም ይሰጧቸው አሉ። ነጃሺ ግን ተቆጣ፤ የሌላውን ወገን ቃል ሳይሰማም እንደማይፈርድ አስታወቀ። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ቆመው ጉዳያቸውን አስረዱ፤ ከሱረቱ መርየምም ቀሩ። ነጃሺ ስደተኞቹን አሳልፎ አልሰጠም፤ ስጦታውንም መለሰ። አላህ መንግሥቱን ሲመልስለት መማለጃ እንዳልተቀበለው ሁሉ፣ እሱም መማለጃ እንደማይቀበል ተናገረ።

ነጃሺ በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ እንደሞተ ይዘገባል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሆነው በሞተበት ዕለት ለሶሐቦች አረዱ፤ አሰልፈዋቸውም በአራት ተክቢራ ሰገዱለት።

ውድ አንባቢያን! በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚዳኘው ባለጉዳዮቹ ሲፈቅዱ መሆኑን ደንግጓል። እዚሁ ንፋስ ስልክ ላፍቶም የባልና ሚስት ጠብ ወይም የውርስ ክርክር ሲነሣ ሽማግሌ የምንመርጠው እኛው ነን። እንግዲያው የሚያደላልንን ሳይሆን፣ መርጠነው ሳለ በእኛ ላይ ለመፍረድ የማያፍረውን እንምረጥ። ከእናንተ መካከል ለሽምግልና የተጠራ ቢኖርም ነጋዴውን ያስታውስ። አላህ ይወፍቀን።