ቅዱስ ያሬድና የዜማ ክብደት

ስለ ሙዚቃ በተጨዋወትን ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም ለሚጫወተው ሰው ከሁሉ የሚከብደው ሥራ የትኛው ነው የሚል ነው። የአውሮፓን ሙዚቃ የሚያውቁ ጓደኞቻችን ወዲያው ለፒያኖና ለኦርኬስትራ የተደረሱትን ኮንቸርቶዎች ይጠራሉ። አንዱ የራህማኒኖፍን ሦስተኛ፣ ሌላው የብራምስን ሁለተኛ፣ ሌላው የቻይኮቭስኪን አንደኛ ያስቀድማል። እኛ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የመጣን ተማሪዎች ግን ይህን ስንሰማ የአገራችን የቆሎ ተማሪ ክርክር ትዝ ይለናል። እርሱም በበኩሉ ጾመ ድጓው ይከብዳል ወይስ ድጓው፣ ዝማሬ መዋሥዕቱ ይበልጣል ወይስ አቋቋሙ እያለ ከጓደኛው ጋር ሲሟገት ያመሻል። ክርክሩ ከሥሩ እንዲታይ ብለን የዜማው አባት የሚባለውን የቅዱስ ያሬድን ሕይወት እዚህ በአጭሩ እናቀርባለን።

ያሬድ የኖረው በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም ነገሥታት ዘመን ነው፤ ትውፊት የልደቱን ዘመን 505 ዓ.ም. ያደርገዋል። ገድሉ የተጻፈው እርሱ ካለፈ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በመሆኑ ታሪኩን የምንነግረው ገድሉና የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት እንዳቆዩልን ነው። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተበት እናቱ በአክሱም ጽዮን ያስተምር ለነበረው ለዘመዱ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። ልጁ ግን ትምህርት አልገባው አለ። ያጠናውን መዝሙር ይረሳል፤ ጓደኞቹ እየቀደሙት ይሄዳሉ፤ መምህሩም ይገርፈዋል። በመጨረሻ መታገሥ ስላቃተው ትምህርቱን ትቶ ኮበለለ።

በመንገድ ደክሞት ከአንድ ዛፍ ሥር ዐረፈ። በዚያም አንድ ትል ፍሬ ለመብላት ግንዱን ሲወጣ አየ። ትሉ ስድስት ጊዜ ወጥቶ ስድስት ጊዜ ወደቀ፤ በሰባተኛው ከፍሬው ደረሰ። ያሬድም ይህን አይቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ ይቅርታም ለምኖ ትምህርቱን እንደ ገና ጀመረ፤ ከዚያ በኋላም የመጻሕፍቱ ምሥጢር ተገለጠለት፤ ዲያቆንም ሆነ።

ይህን ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምረን የሰማነው ነው። የትዕግሥት ምሳሌ ብቻ አድርገን ስለምንወስደው ግን አንድ ነገር ያመልጠናል። ዛፉ በመጀመሪያውም በሰባተኛውም ጊዜ ያው ዛፍ ነበር፤ ቁመቱ በአንድ ስንዝር እንኳ አልቀነሰም። ክብደት ከሚወጣው ነገር ብቻ ሳይሆን ከወጪውም ጋር የሚለካ መሆኑን ታሪኩ ያሳየናል። በአውሮፓም የሆነው ይህንኑ ይመስላል። ቻይኮቭስኪ አንደኛውን ኮንቸርቶውን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1874 ለኒኮላይ ሩቢንስታይን ቢያሰማው፣ ታላቁ ፒያኒስት የማይጫወቱት ሥራ ነው ብሎ ነቀፈው። በዓመቱ ሐንስ ፎን ቢውሎ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ተጫወተው፤ በኋላም ሩቢንስታይን ራሱ ተጫወተው። ራህማኒኖፍ በ1909 በኒው ዮርክ ራሱ የጀመረውን ሦስተኛውን ኮንቸርቶ መታሰቢያ ያደረገለት ዮሴፍ ሆፍማን በሕዝብ ፊት አንድ ቀን እንኳ አልተጫወተውም፤ ዛሬ ግን በየሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ያሉ ወጣቶች ይፈተኑበታል።

ወደ ያሬድ እንመለስ። ገድሉ እንደሚለው ሦስት ወፎች ከኤዶም ገነት መጥተው በሰው ቋንቋ አነጋገሩት፤ ወደ ሰማያዊቱ ኢየሩሳሌምም ተወስዶ የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ማኅሌት ሰማ። ሲመለስ ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ የሰማውን በከፍተኛ ድምፅ አዜመ። ዜማውንም በሦስት ስልት አቆመ። ግዕዝ ቀጥ ያለና ጠንካራ ነው፤ ዕዝል ለዘብ ይላል፤ አራራይ ደግሞ ስሙ እንደሚያመለክተው ልብን ያራራል። በእነዚህ ስልቶች የዓመቱን በዓላትና ወራት ተከትሎ የሚሄደው ድጓ፣ የዐቢይ ጾሙ ጾመ ድጓ፣ ከቍርባን በኋላ የሚባለው ዝማሬ፣ ለሙታን የሚደርሰው መዋሥዕትና ምዕራፍ የእርሱ ድርሰቶች ሆነው ይቈጠራሉ። በየዘመኑ የተነሡ ሊቃውንት እንደ ጨመሩበት የታወቀ ቢሆንም፣ መሠረቱን የጣለው እርሱ መሆኑን ቤተ ክርስቲያን ትመሰክራለች።

ከዕለታት አንድ ቀን በንጉሡ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ሲፈስ ዘማሪውም ንጉሡም አላወቁም። ዜማው ሲያልቅ ንጉሡ ደንግጦ የደሙን ዋጋ የፈለግኸውን ልስጥህ ቢለው፣ ያሬድ የለመነው ወርቅና ሹመት ሳይሆን ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ ወደ ገዳም ለመሄድ ፈቃድ ነው። ንጉሡ እያዘነ ለቀቀው። ያሬድም ወደ ስሜን ተራሮች ወጥቶ በዚያ ብርድ ሲያስተምርና ሲጸልይ ኖረ። ግንቦት 11 ቀን መታሰቢያው ይከበራል፤ ትውፊትም ያረፈበትን ዘመን 571 ዓ.ም. ይለዋል። የጓሳን ብርድና የመሐል ሜዳን ንፋስ የምናውቅ የደጋ ልጆች ይህ ምርጫ ምን ያህል እንደሚከብድ ሌላ ሰው እንዲያስረዳን አያስፈልገንም።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ ስንመለስ፣ ክብደት ሁሉ አንድ ዐይነት አለመሆኑን እንረዳለን። የኮንቸርቶው ክብደት በይበልጥ በእጅ ላይ ነው። የራህማኒኖፍ ሦስተኛ ዐርባ ደቂቃ ያህል፣ አራት ክፍል ያለው የብራምስ ሁለተኛ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል፤ ጣት ይበረታል፣ ክንድ ይደክማል። የዜማው ክብደት ግን በቃል ላይ ነው። የዓመቱን በዓል ሁሉ የያዘውን ድጓ መምህሩ ፊት ተቀምጦ መቀጸል ዓመታት ይፈጃል። በቁም ዜማ የተማረው ደግሞ በመቋሚያ ዝማሜ፣ ከዚያም በከበሮና በጸናጽል በመረግድና በጽፋት ይመጣበታል። በዓል ሲሆን ማኅሌቱ ሌሊቱን ሙሉ በእግር ተቁሞ የሚደርስ ነው። ተማሪውም ይህን ሁሉ የሚማረው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ ነው። ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ ድጓውን ለማስመስከር ጋይንት ቤተልሔም ድረስ በእግሩ የሚሄደው ስንቱ ነበር!

ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ግን ሌላ ነው። በድጓው ፊደል ላይ የሚጻፉትን ምልክቶች ትውፊት ከያሬድ ያደርሳቸዋል፤ የታሪክ ጽሑፍ ግን በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት እንዳዘጋጁዋቸው ይናገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክና የቀሩትም ድምፁ እንዴት እንደሚሄድ ያመለክታሉ፤ በመስመሩ መካከል የሚጻፉት ትንንሽ ፊደላትም ተማሪው አስቀድሞ በጆሮው የያዘውን ዜማ ያስታውሱታል። ያልሰማውን ሰው ግን አያስተምሩትም። የኮንቸርቶ ወረቀት መቶ ዓመት በሣጥን ቢተኛ ኖታ የሚያነብ ሰው ያነሣዋል። ድጓው ግን ሰንሰለቱ አንድ ጊዜ ከተበጠሰ በብራና ላይ እያለ ዝም ይላል። ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና የእኛው ጎረቤት ተጉለት የየራሳቸው የዜማ ቤት የሆኑት በመጽሐፍ ሳይሆን በመምህርና በደቀ መዝሙር ጕሮሮ ነው። መጽሐፉ አንድ ሲሆን ልዩነቱን ያቆየው የሰው ቃል ነው።

ስለዚህ ከኮንቸርቶውና ከድጓው የትኛው ይከብዳል ብሎ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ትርፍ የለውም። ፒያኒስቱ የሚፈራው በዚያች ምሽት መሳሳትን ነው፤ መርጌታው የሚፈራው ተተኪ ማጣትን ነው። እኛ ደግሞ ይህ ሁለተኛው ክብደት በመርጌታው ትከሻ ላይ ብቻ መተው የለበትም እንላለን። በአዲስ አበባ በያሬድ ስም የሚጠራው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖውንም ክራሩንም ያስተምራል። የዚያ ተማሪዎች የራህማኒኖፍን ገጽ ሲያገላብጡ የስሙን ባለቤት ምልክቶች ትርጕም ቢጠይቁ መልካም ነው። እኛም የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ልጆች ለዕረፍት አገራችን ስንገባ በየደብሩ ያሉትን የዜማ መምህራን ሄደን እንስማ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቀን ድምፃቸውን እንቅረጽ፤ ከማን እንደ ተማሩም እንጻፍ። የቀረጽነው ድምፅ መምህሩን አይተካም፤ ነገር ግን ስድስት ጊዜ ወድቆ ለሚመጣው ተማሪ ሰባተኛውን ጊዜ ያቆይለታል።